የአባትዎን ካሴቶች ከመጣልዎ በፊት፦ ለቢቸናዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ከቢቸና የጻፉልን እኅታችን ጥያቄያቸው በአጭሩ ይህ ነው። አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅና እስከ ሞጣ በየሠርጉና በየግብዣው ማሲንቆ እየመቱ የኖሩ አዝማሪ ነበሩ። ካረፉ በኋላ ከሣጥናቸው አርባ የሚያህሉ ካሴቶች ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሠርግ ቤት የተቀዱ ናቸው። የአንዱ ካሴት ግልባጭ፣ በማን እጅ እንደወጣ ሳይታወቅ፣ የአባታቸው ስም ሳይነሣ በሌላ ሰው ስም ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ አግኝተውታል። በአካባቢያቸው ያለ አንድ ሙዚቃ ቤት ደግሞ ካሴቶቹን በሙሉ ‹‹አጽድቶ›› በኤምፒስሪ ወደ ፍላሽ እንደሚገለብጥላቸው፣ ከዚያ በኋላ ካሴቶቹ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም እንደሌላቸው ነግሯቸዋል። ይህን ላድርግ ወይ፣ የሥራው ባለቤትስ ማን ነው፣ ከኢንተርኔትስ ለቤተሰቡ ገቢ ሊገኝበት ይችላል ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

የዕለት ሥራዬ አሮጌ የድምፅ ቅጂዎችን ወደ ዲጂታል መገልበጥ ነውና የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ካሴቶቹን አይጣሉ፤ ለሙዚቃ ቤቱም ጠቅልለው አያስረክቡ። ማጽዳት የተባለውንም አሁን አይፍቀዱ። በመጀመሪያ ምንም ያልተነካና ምንም ያልተቀነሰለት አንድ ሙሉ ግልባጭ ይወሰድ፤ ከጎኑም ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን ድግስ ላይ እንደተጫወተ ይጻፍ። የዩቲዩቡ ክርክርም፣ የሕጉ ጉዳይም፣ ገቢውም የሚቆሙት በእነዚህ በሁለቱ ላይ ስለሆነ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ወደዚያው የሚመለስ ነው።

ካሴት በፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ሲቀርብ በዋናነት የታሰበው ቃል ለመቅዳት እንጂ ለሙዚቃ አልነበረም። ክሩ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም ርካሽ በመሆኑና በባትሪ ድንጋይ በመሥራቱ ስቱዲዮ ፈጽሞ ሊደርስባቸው የማይችሉ ቦታዎች ደረሰ። በአዲስ አበባ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት አምሃ ሪከርድስና እርሱን በተከተሉት አሳታሚዎች በሸክላ የወጡት ዘፈኖች ብዙ ግልባጭ ስለነበራቸው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በፈረንሳይ አገር በሲዲ እንደገና ሊታተሙና በዓለም ሊሰሙ ችለዋል። የአባትዎ ጨዋታ ግን ሸክላ የለውም፣ የስቱዲዮ ዋና ቅጂም የለውም። ያለው አንድ ምስክር በሣጥንዎ ውስጥ ያለው ካሴት ነው።

ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በእያንዳንዱ ዙር ድምፁ ይደክም ስለነበር የሰሚ ጆሮ የትኛው ግልባጭ ወደ ዋናው እንደሚቀርብ ይለይ ነበር። ዲጂታል ፋይል እንዳለ ሲገለበጥ ይህ የለበትም፤ ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አንዲት ነጥብ አይለይም። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ግልባጭ ላይ የጠፋው ነገርም እንደጠፋ በሺው ቅጂ ሁሉ ይኖራል ማለት ነው። እርሾው ከተበላሸ ሊጡ ሁሉ እንደሚበላሽ ማለት ነው። ዛሬ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሚዘዋወሩ ብዙ የጎጃም ሽለላዎች፣ ቀረርቶዎችና የዋሽንት ጨዋታዎች ጥራታቸው የወረደው ድሮ ሲቀዱ በነበረው ጉድለት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በችኮላ በሠራው አንድ መጥፎ ግልባጭ ምክንያት ነው። ሌላው ሁሉ ያንኑ እያወረደ መልሶ ጭኖታል።

አሁን ወደ ኤምፒስሪ ልግባ። ይህ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን አሠራሩ የተመሠረተው የሰው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም በሚለው እውቀት ላይ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ስለሚሸፍነው፣ የተሸፈነውን በመተው ፋይሉ ይቀንሳል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ሲወስድ የተለመደው ኤምፒስሪ በ128 ኪሎ ቢት ይይዘዋል። ለስቱዲዮ ዘፈን ይህ ብዙ ጊዜ አያስከፋም። የሠርግ ቤት ካሴት ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። በካሴቱ ውስጥ ያለው ሽሽታ፣ ከጨዋታው ጀርባ ሳያቋርጥ ‹‹ሽሽሽ›› የሚለው፣ መላ ቅጥ የሌለው ድምፅ ስለሆነ ፋይል ቀናሹ በቀላሉ አይገዛውም፤ ያለውን አቅም ሽሽታው ላይ ይጨርስና ለማሲንቆው የሚተርፈው ይሳሳል። ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ሲፈገፍግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅም እንዲሁ ለማሽኑ ከሽሽታ የማይለይ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ኤምፒስሪ የተገለበጠ ማሲንቆ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይሰማል፤ ጭብጨባውና እልልታውም ይዋልላል።

ስለዚህ ዋናው ግልባጭ ዋቭ በሚባለው ያልተጨመቀ ዓይነት፣ ቢያንስ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይቀዳ። በዓለም ላይ ያሉ የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች 96 ኪሎ ኸርዝ የሚመርጡ ሲሆን፣ የሚያመች ከሆነ እርሱ የተሻለ ነው። ሒሳቡ አያስፈራም። የ60 ደቂቃ አንድ ካሴት በ48 ኪሎ ኸርዝ ከ1 ጊጋ ባይት ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ አርባው ካሴት የ60 ደቂቃ ቢሆን በአንድ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ይገባል። ከዚያ ዋቭ ላይ ለስልክ የሚሆን ኤምፒስሪ በፈለጉ ጊዜ ማውጣት ይቻላል፤ ከኤምፒስሪ ወደ ዋቭ መመለስ ግን የተጣለውን አይመልስም።

‹‹ማጽዳት›› የሚባለውን በዝርዝር የምናገርበት ምክንያት ጉዳቱን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ጨዋታ ከሌለበት ክፍል የሽሽታውን ናሙና ይወስድና ያንኑ የሚመስለውን ከመላው ቅጂ ላይ ይቀንሳል። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ማጽጃዎች የሰውን ንግግር ብቻ አስቀርተው ሌላውን እንደ ጩኸት ማጥፋት ተምረዋል። ዋሽንት እንዴት እንደሚሰማ ያስቡ፤ ትንፋሹ ከሸምበቆው አፍ ላይ ተከፍሎ ግማሹ ዜማ፣ ግማሹ እስትንፋስ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ እስትንፋሱን ከሽሽታው ለይቶ ስለማያውቀው አብሮ ይጠርገዋል፤ የሚቀረውም እንደ ኤሌክትሮኒክ ፉጨት ያለ ባዶ ድምፅ ነው። በማሲንቆም ላይ ዘፋኙና ማሲንቆው አንዱ ሌላውን እየተከተሉ በአንድ ዜማ ስለሚሄዱ፣ ድምፅን ከመሣሪያ ነጥሎ የሚያወጣው ዘመናዊ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች በብዛት የሠለጠኑት በጊታር፣ በቤዝና በከበሮ በተሠራ ሙዚቃ ነውና። በሠርግ ቤት ደግሞ የሚጠረገው ‹‹ጩኸት›› የሙሽራው ሚዜዎች፣ የእልልታው፣ ‹‹ተቀበል!›› የሚለው እንግዳ ድምፅ ነው። አንድ ቀን የሚበልጥ ማጽጃ ይመጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ያልተነካው ቅጂ ነው።

ዜማ ማስተካከያ የሚሉትንም በዚሁ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኦቶ ቲዩንና መሰሎቹ የዘፋኙን ድምፅ ወደሚቀርበው የፒያኖ ቁልፍ የሚጎትቱ ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በማሲንቆ ሲጫወቱ ግን ጣት የሚያርፍበት ቦታ የፒያኖ ቁልፍ ላይ የማይወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አዝማሪው ሆን ብሎ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ድምፅ የጨዋታው ነፍስ ነው። አባትዎ የተጫወቱትን አንቺ ሆዬ በዚህ ፕሮግራም ያሳለፈ ሰው ሌላ ዘፈን እንጂ የእርሳቸውን አይመልስልዎትም።

አሁን ራሱን ግልባጩን እንዴት እንደሚወስዱ ልንገርዎ። በቅድሚያ የእያንዳንዱን ካሴት የላይኛው ጠርዝ ይመልከቱ፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ ይስበሯቸው፤ በስሕተት መቅጃው ቢጫን እንኳ እንዳይጠፋ ይጠብቃሉ። ክሩን የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀ፣ ወይም ክሩ ነጭ ሻጋታ ከያዘ፣ አያጫውቱት፤ ለብቻው ያስቀምጡት። በጎጃም ክረምት እርጥበት በሚያጠቃው ቤት ወይም በምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ካሴት ይህ ይገጥመዋል። የ120 ደቂቃ ካሴቶች ክራቸው እጅግ ቀጭን ስለሆነ በቴፕ ውስጥ በቀላሉ ይጠመጠማሉ፤ እነርሱን ለመጨረሻ ያቆዩ። ደህና የሆነውን ካሴት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት፤ ለዓመታት ሳይነካ የተጣበቀው ይላቀቃል።

የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ ከፋርማሲ በሚገዛ፣ ውኃ በማይበዛበት አልኮልና በጥጥ ይጥረጉ። አረቄ አይጠቀሙ፤ ውኃና ሌላ ነገር ስላለበት ሄዱ ላይ ይቀራል። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን ይድገሙት። ይህን በየጥቂት ካሴቱ ያድርጉ፤ አሮጌ ክር ሲሄድ ዱቄቱን ይተዋል።

ቀጥሎ ያለው በጣም ጥቃቅን ይመስላል፤ ግን ሰዎች ሁሉ የሚዘሉት እርሱን ነው። ከሄዱ ጎን በትንሽ መፍቻ የምትዞር አንዲት ብሎን አለች፤ ሄዱ በክሩ ላይ የሚቆምበትን ዝንባሌ የምትወስነው እርስዋ ናት። እያንዳንዱ ቴፕ ዝንባሌው በጥቂቱ ይለያያል፤ ስለዚህ በአንዱ ቴፕ የተቀዳ ካሴት በሌላው ሲጫወት ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ቃሉም የታፈነ ይሆናል። ካሴቱ እየሄደ፣ ግራና ቀኙን ድምፅ ወደ አንድ አዋሕደው እየሰሙ፣ ብሎኗን በጣም በጥቂቱ ግራና ቀኝ ያዙሩ። ‹‹ሰ›› እና ‹‹ሸ›› የሚሉት ድምፆች ጥርት ብለው የሚሰሙበት አንድ ነጥብ አለ፤ እዚያው ያቁሙት። ደብዛዛ የነበረ የዘፋኝ ቃል በዚህ ብቻ ከመጋረጃ ጀርባ የወጣ ያህል ሲጠራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በፕሮግራም ሊመለስ የማይችል ጥራት ስለሆነ በየካሴቱ ይድገሙት።

ድምፁን ከቴፑ ላይን አውት ከሚለው መውጫ በዩኤስቢ የድምፅ መቀበያ በኩል ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ፤ በነጻ በሚገኘው ኦዳሲቲ መቅዳት ይበቃል። በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው፣ ከዜሮ፣ 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። አንዴ ከጣሪያው ያለፈ እልልታ ተቆርጦ ይቀራል። ቴፑ ላይ ያለውን የድምፅ ማጉያና ማስተካከያ ሁሉ መካከል ላይ ይተዉ።

ስለ ፍጥነት የምናገረው የጎጃምን ገጠር ቅጂዎች ይበልጥ ይመለከታል። መብራት ባልነበረበት ሠርግ ቤት መቅጃው የሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ሞተሩ ይዘገያል፤ በዝግታ የተቀዳው በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ደግሞ ይፈጥንና ድምፁ ይቀጥናል። በአንድ ካሴት ላይ አዝማሪው ማታ በወፍራም ድምፅ ጀምረው ሊነጋጋ ሲል የልጅ ድምፅ ያወጡ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ማሲንቆ በዘፋኙ ድምፅ ልክ የሚቃኝ ስለሆነ ትክክለኛው ልክ ይህ ነው ብሎ የሚመሰክር አይደለም። ዋሽንት ግን ይመሰክራል፤ ቀዳዳዎቹ አይንቀሳቀሱምና። በዚያ ሠርግ የተነፋው ዋሽንት በቤተሰቡ ወይም በመንደሩ ካለ፣ ዛሬ ሲነፋ የሚሰጠው ዝቅተኛ ድምፅ ከቅጂው ጋር ይነጻጸርና የካሴቱ ፍጥነት ይስተካከላል። ካሴቱ ከተማ ውስጥ በመብራት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ከበስተኋላው እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ይኖራል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ ድምፅ በ50 ኸርዝና በእጥፎቹ ላይ መውደቅ አለበት፤ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ፍጥነቱ ስቷል። አጽጂው መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ እምምታ ነው፤ ሲጠፋ መለኪያችንም አብሮ ይጠፋል። ያልተነካ ቅጂ ይቀመጥ የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ የድምፁ ጉዳይ ያበቃና የጽሕፈቱ ይጀምራል፤ ከሁለቱ የሚያስቸኩለውም እርሱ ነው። ክሩ በደህና ከተቀመጠ ገና ዓመታት ይቆያል፤ በሠርጉ የነበሩት ሽማግሌዎችና ወይዛዝርት ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። ካሴቱን ይዘው ከእናትዎ፣ ከአጎቶችዎ፣ ከአባትዎ ጋር ከተጫወቱት ሰዎች ጋር ይቀመጡና እያሰሙ ይጠይቁ፤ የሚናገሩትን በስልክዎ ይቅዱ። ማን ነው የዘፈነው? ‹‹ተቀበል›› እያለ ግጥም የሰጠው ማን ነው? የማን ልጅ ሠርግ ነው? በየትኛው ቀበሌ? ከጥምቀት በኋላ ነው ወይስ በሌላ ወር? መልሱን በፋይሉ ስም ላይ ሳይሆን በተለየ ሰነድ ይጻፉት፤ የፋይሉ ስም አጭር ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ያንኑ ቁጥር በካሴቱ ላይም በእርሳስ ይጻፉ። የካሴቱን ሽፋንና በላዩ የተጻፈውን ጽሕፈት ፎቶ ያንሡ።

ዓመተ ምሕረቱን ሲጽፉ የኢትዮጵያ መሆኑን ሳይገልጹ አይለፉ። ‹‹1978›› ተብሎ በካሴት ላይ የተጻፈ ሠርግ በፈረንጆቹ በ1985 መጨረሻ ወይም በ1986 የሆነ ነው፤ ዩቲዩብም ሆነ ስፖቲፋይ ግን የሚያነበው 1978 ብሎ በራሱ አቆጣጠር ነው። በኋላ ሰው ሁሉ ያንን ስሕተት ይጠቅሳል፤ ስለ መብት ክርክር ከመጣም ዓመቱ ራሱ ጉዳይ ይሆናል። ፊደልም እንዲሁ ነው። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በራሳችን ፊደል መጻፍና መፈለግ ችለናል፤ ሆኖም አንዱ ‹‹ሠርግ›› ሌላው ‹‹ሰርግ››፣ አንዱ ‹‹ማሲንቆ›› ሌላው ‹‹መሰንቆ›› ብሎ ስለሚፈልግ በመግለጫው ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ያስገቡ።

ወደ ባለቤትነቱ ስንመጣ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የሚለያዩ መብቶችን ያውቃሉ። ግጥምና ዜማ የፈጠረ ሰው አመንጪ ነው፤ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቅለታል። የተጫወተው ከዋኝ ነው፤ ቅጂው እንዲዘጋጅ ያደረገው ደግሞ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰር ነው፤ እነዚህም 50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። አንድ የሠርግ ካሴት እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል። ዜማው ከጥንት የመጣ የሕዝብ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ባለቤት ነኝ ማለት አይገባም። አጨዋወቱ የአባትዎ ነው። ቴፑ የሙሽራው ቤተሰብ ከሆነና መቅዳቱንም ያሰቡት እነርሱ ከሆኑ ከቅጂው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። እንግዳው ‹‹ተቀበል›› ብሎ ያወረደው ግጥም ደግሞ የእንግዳው ነው፤ አባትዎ አዜሙት እንጂ አልገጠሙትም። አዝማሪነት በተፈጥሮው የብዙ ሰው ሥራ ስለሆነ ይህ አያስደንግጥዎት። ማን ምን እንዳደረገ በጽሑፍ ይያዝ፤ የተገኙትን ሰዎች ወይም ልጆቻቸውን አስፈቅደው በወረቀት ያስፈርሙ። እርስዎም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ካላወጡ ያውጡ፤ ቅጂዎቹ ከአዋጁ በፊት የተሠሩ በመሆናቸውም አንድ የሕግ ባለሙያ ሽግግሩን የሚመለከተውን ድንጋጌ ከቀኖቹ ጋር አያይዞ እንዲያነብልዎ እመክራለሁ።

ከሕጉ ሌላ የሰውም ክብር አለ። አዝማሪ ባለጠጋውን ያሞግሳል፣ ንፉጉንም በስም ይነካል፤ በዚያች ሌሊት በአንድ ዳስ ውስጥ የተባለ ነገር ዛሬ በኢንተርኔት ለልጅ ልጆች ሲሰማ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ከካሴቶቹ መካከል የለቅሶ ሙሾ ካለ የሟች ቤተሰብ ሳይፈቅድ አይጫን፤ ይህን በጥብቅ እላለሁ።

ዩቲዩብ ላይ ስላገኙት ቅጂ፦ በመጀመሪያ ለጫነው ሰው በትሕትና ይጻፉለት። ከሚጭኑት መካከል ሙዚቃውን የሚወዱና ባለቤቱን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ የአባትዎ ስም በርእሱ ላይ ይግባ ሲባሉ ደስ እያላቸው ያስተካክላሉ። እኔ በቦታዎ ብሆን ቪዲዮው ከሚጠፋ ስሙ ተስተካክሎ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ሰምተው የሚያደንቁት ሰዎች እዚያ ናቸውና። እምቢ ካለ በዩቲዩብ የቅጂ መብት ቅጽ እንዲነሣ ማመልከት ይችላሉ። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ በዚህ መንገድ ቪዲዮ ተነሥቶበት የተቀጣ ቻናል ሊዘጋ ይችላል፤ የተከሰሰውም መልስ የመስጠት መብት አለው፣ ከዚያ በኋላ እርስዎ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ማመልከትዎን ካላሳዩ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ማስረጃዎን ሳያደራጁ አይጀምሩ።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ ሌላ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የተባለ ሥርዓት አለው፤ የተመዘገበን ድምፅ አሻራ ይይዝና አዲስ ከሚጫነው ሁሉ ጋር በራሱ ያነጻጽራል። የአባትዎን ቅጂ ሌላ ሰው ሙዚቃን ወደ ኢንተርኔት መድረኮች በሚያስገባ አከፋፋይ ድርጅት በኩል ቀድሞ በስሙ ካስመዘገበ፣ እርስዎ የራስዎን ቅጂ ሲጭኑ ማሽኑ የሚያውቀው ቀድሞ የተመዘገበውን ነው፤ ገቢውም ወደ እርሱ ይሄዳል። ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል፣ ቀድሞ ያስመዘገበውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ያን ጊዜ የሚያዋጣዎት ካሴቱ ራሱ፣ የሽፋኑ ፎቶ፣ ከመጀመሪያው ጫጫታ እስከ መጨረሻው ያልተቆረጠው ዋቭ ነው። ሌላው ሰው ያለው ምናልባት የአምስት ደቂቃ ቁራጭ ሲሆን፣ እርስዎ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያለውን ሁሉ ይዘዋል።

ገቢን በተመለከተ ተስፋ ማጋነን አልፈልግም። የዩቲዩብ ማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት በተለመደው መንገድ 1,000 ተከታዮችና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው አገሮችም ተለይተው ስለተዘረዘሩ ከመድከምዎ በፊት ዝርዝሩን ይመልከቱ። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን እንደተሰማ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በ12 ወር 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ቅጂ ምንም አይከፍልም። እዚያ የሚገባው በአከፋፋይ በኩል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅጂ ባለ 12 ምልክት ዓለም አቀፍ መለያ ይሰጠዋል፤ ያንን መለያ የሚያወጣው በማን ስም እንደሆነ ሳያረጋግጡ ውል አይፈርሙ። ‹‹ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ›› ለሚል ሰው ለዘላለም የሚያስተላልፍ ወረቀት አይስጡ፤ ዓመቱ የተወሰነ ውል ይበቃል።

እነዚህ ደንቦች በጨዋታው መልክ ላይ ያመጡትን ለውጥም ማየት ተገቢ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲቃኝ፣ ድግሱን ሲያይ፣ ባለቤቱን ሲያመሰግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ዋናው ጨዋታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቲክቶክ ላይ ያ መግቢያ ሁሉ ይቆረጣል፤ ወጣቶቹ ተጫዋቾችም አሁን ሲቀዱ ከመግቢያው ይልቅ እስክስታ ከሚወርድበት ቦታ መጀመር ለምደዋል። ለማስተዋወቂያ የሆነ አጭር ቁራጭ ማውጣትዎን አልቃወምም፤ ግን ከሥሩ ሙሉው ጨዋታ የት እንደሚገኝ ይጻፍ፤ ሙሉውም ሳይቆረጥ በቻናልዎ ላይ ይኑር።

ለአቀማመጡ ሦስት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከቤትዎ ውጭ፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ባለ ዘመድ ዘንድ። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል ብቻውን አይመኑት። ኢንተርኔት ላይ ስለጫንሁት ተቀምጧል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ሙዚቃቸውን ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ብቻ ያኖሩ ቤተሰቦች የገዛ አባታቸውን ድምፅ መስማት አልቻሉም። ለዘመድ በቴሌግራም ሲልኩም በድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እስከ 2 ጊጋ ባይት ሳይጨመቅ ይሄዳል። ከተሳካልዎ አንድ ቅጂ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ አለዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለጥናት ብቻ በሚል የጽሑፍ ስምምነት ቢሰጡ መልካም ነው።

ሙዚቃ ቤቱን በፍጹም አይጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ቴፕ፣ መቀበያና ኮምፒውተር ከሌለዎት በእነርሱ ዕቃ፣ እርስዎ አጠገብ ተቀምጠው፣ ባልተጨመቀ ዋቭ፣ ያለ ምንም ማጽጃ ይገልብጡልዎት፤ ፋይሉም በእነርሱ ኮምፒውተር እንዳይቀር ይስማሙ። ካሴት የሚገለበጠው በሚጫወትበት ፍጥነት ስለሆነ የአርባው ካሴት ሥራ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ በግማሽ ቀን እጨርሳለሁ የሚልዎ ካለ አያስረክቡት። ሥራውን ሲጀምሩ ደግሞ ጥራቱ ያማረውን ካሴት አያስቀድሙ፤ በውስጡ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ አዛውንት ዛሬ በሕይወት ያለለትን ያስቀድሙ።